ብርቄን ለማየት ያቀድንባቸው ዓመታት

ፌቨን ባለፈው ሳምንት ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ሱቄ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አለችና ያዘዝኩላት ሻይ ሳይበርድ የሙዚየም ጉብኝቷን አቅዳ ጨረሰች። ስልኳን በአውራ ጣቷ እየገፋች ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲው በየት በኩል ታክሲ እንደሚያዝ አወቀች። ለጓደኞቿ ጻፈች፤ እነሱም ወዲያው እሺ አሏት። «በቃ እማማ ሙሉ፣ በሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ብትጠይቀኝ፣ ያንኑ ሙዚየም ለማየት እኔና እናቷ ስናቅድ ስንት ክረምት እንደገባና እንደወጣ ነገርኳት። ፌቨን የዳመነች ልጅ ናት፤ ዳመነች ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሙያዋን የጀመረችውም በዚችው በእኔ በረንዳ ላይ ነው። ለነገሩ ፌቨንም ያኔ አብራን ሄዳ ነበር፤ በአንቀልባ ስለነበረች ግን የሚታወሳት ነገር የለም። እሷ ሄደች፣ እኔ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ይዤ እዚያው ቀረሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ያኔ ዲላ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚሉት ጩኸታም ገና አልመጣም፤ ሰው ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በእግሩ ነበር የሚሄደው፣ እየተሳለመ፣ እየቆመ፣ ወሬ እየተቀባበለ። ቡና ሲደርስ የቀይ ቡና ገለባ ጎምዛዛ ሽታ ከየመፈልፈያው ተነስቶ ከተማዋን ያውዳት ነበር። ለእንግዳ አፍንጫ የሚከብድ ሽታ ነው፤ ለእኛ ለነጋዴዎቹ ግን የደስታ ሽታ ነበር። ያ ሽታ መጣ ማለት ከቡና ቀበሌዎቹ፣ ከኢዲዶም ከባንኮ ጎቲቲም፣ ገበሬው ሚስቱን አስከትሎ ሊገዛ ወረደ ማለት ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረን። ቴትሮኑ፣ ሽፎኑ፣ ካኪው፣ አቡጀዲው በጥቅል በጥቅል መደርደሪያ ላይ ይቆማል። አዲስ ጨርቅ ሲገለጥ የሚሸተውን ሽታ ዛሬም ሳስበው ይመጣብኛል። የሜትሩን ዋጋ ብናገር የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል፤ በአምስት ብር አንድ ሰው ጥብስ በልቶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ ለአስተናጋጇም ትንሽ የሚተርፈው ዘመን ነበር ብል ይበቃል። የሴቶቹ ቀሚስ ትከሻው ስፖንጅ ነበረው፤ ስፖንጅ የሌለው ትከሻ እንደ ድኻ ይቆጠራል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበረ፤ አንድ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውትና ክሩ ሲላላ ዘፋኙ እንደታመመ ሰው ማቃሰት ይጀምራል። ባለካሴቱ ግን አይለውጠውም፤ እኛም ለምደነው ከዘፋኙ ጋር እናቃስታለን።

ዳመነች የስፌት መኪናዋን በረንዳችን ላይ ያደረገችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ የምትሰፋ፣ ስትስቅ ብቻ ፍንጭቷ የሚታይ ልጅ ነበረች። የምትስቀውም ከስንት አንዴ ነው። አባቷ ወታደር ነበር፤ ሄደ፣ አልተመለሰም። እናቷ ብርቄ ቆጮ እያመጣች ዲላ ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ዳመነች ጡት ሳትተው ታማ ሞተች። ልጅቷን ያሳደገቻት የእናቷ ታላቅ እህት፣ ደጋው ቡሌ የምትኖረው እማማ በዳቱ ናት። ከብርቄ የቀረ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለም። ፎቶ ቤት አጥተን አይደለም፤ ዲላ ፎቶ ቤት ነበረን፣ ያውም ግድግዳው ላይ ባሕርና አውሮፕላን የተሳለበት። እሑድ እሑድ ወጣቱ ሁሉ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ ከዚያ አውሮፕላን ፊት ተሰልፎ ይነሣ ነበር። ግን ብርቄ በገበያ ቀን መጥታ በገበያ ቀን የምትመለስ ሰው ነበረች፤ እሑድ ደግሞ ቡሌ ናት። ስለዚህ ዳመነች የእናቷን ፊት አታውቅም። አንዳንድ ቀን የሱቁ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስታይ አገኛት ነበር። እንደ ሌሎቹ ልጃገረዶች ለመኳኳል አልነበረም፤ ሰው እንደምትፈልግ ነበር የምታየው። 

ነገሩን ያመጣው ሄኖክ ነው። ኮሌጁ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም፤ ሄኖክ መምህርነት ሊማር ከአዲስ አበባ መጥቶ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየ ልጅ ነበር፤ አፉ የማያርፍ፣ ሱሪው ሰፊ። ለእረፍት አገሩ ሄዶ ተመለሰና ሻንጣውን ሳያስገባ በረንዳው ላይ ቆመ። ትልቁ ሙዚየም ገብቶ ኖሯል። ፎቅ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ ትልቅ ሸራ ነው፤ ከሥሩ «ዲላ ገበያ» ይላል። እዚያ መሃል ላይ አንዲት ቆጮ ሻጭ ትስቃለች፤ ፍንጭቷ፣ አንገቷን ዘንበል ማድረጓ፣ ሁሉ ነገሯ ዳመነች ናት። «ሲሪየሴን ነው እትዬ፣ ራሷን ነው ያየሁት» አለኝ። የዳመነች መኪና ቆመ። ቀና ብላ፣ ሥዕሉ የድሮ ነው ወይስ የአሁን ብላ ጠየቀችው። የድሮ ነው አለ፤ የሰዎቹ ልብስ የድሮ ነው።  የዚያን ቀን የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ወጣና ከባለቤቱ ጋር ተጣላን።

ከዚያ በኋላ ሄኖክ ከዳመነች ጥያቄ ዕረፍት አጣ። ምን ለብሳለች? ራሷ ላይ ምን አስራለች? እጇ ላይ ምን ይዛለች? ዓይኗ ወዴት ያያል? እሱ ግን ሊያይ እንጂ ሊመሰክር ስላልገባ የሚመልሰው ያጥረዋል። በመጨረሻ ዳመነች ለእማማ በዳቱ መንገር አለብኝ አለች፤ እኔም ካልሄድኩ አልሆነልኝም። በቡና ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ተጠቅጥቀን ቡሌ ወጣን፤ የቀረውን በእግራችን፣ በጭቃው፣ በዚያ አጥንት በሚገባ ብርድ። እማማ በዳቱ እንሰት ጓሮዋ ውስጥ ነበረች። ያኔም ቢሆን የፊት ጥርሶቿ ረግፈው ነበር፤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። አማርኛን የተማረችው በገበያ ስለሆነ ወንድና ሴት አትለይም፤ እኔንም ዳመነችንም «አንተ» ነበር የምትለን፤ እንደሷ አድርጎ የሚያቆላምጥ ግን አላየሁም።

 ሰምታን ስትጨርስ ሰዓሊውን አስታወሰችው። ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ትምባሆ ሻጮቹ ጎን ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ገበያው እስኪበተን ወደነሱ እያየ ወረቀት ላይ ሲጭር የዋለ። ሴቶቹ ቀራጭ መስሏቸው ፈርተውት ነበር። እሷና ብርቄ ግን ጎን ለጎን ነበር የሚሸጡት፣ አልፈሩትም። «ብርቄን ነው ያየው» አለች እማማ በዳቱ። «ገበያው ሁሉ ብርቄን ነው የሚያየው። እኔን ማን ያየኛል?» ይህን ስትል ቅናት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ትኮራ ነበር። እህቷ ቆንጆ ነበረች፣ ሰዓሊ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣላት፤ አለቀ። እንሄዳለን አለች። እኔም በቀና ልቤ በሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ ነበር።

አይ ሞኝነቴ። ጌዴኦ ላይ ቡና ሳይሰበሰብ የሚታሰብ ጉዞ የለም፤ ሠርጉም፣ ዕርቁም፣ ቤት ክዳኑም «ከቡና በኋላ» ነው። ቡናው ሲያልቅ ደግሞ የእኔ ጾም ገባ፤ እማማ በዳቱ ደግሞ ያለ ቅቤ የሚሄድ ጥየቃ ጥየቃ አይደለም አለች። ጾሙ ሲፈታ ዝናቡ ጀመረና የቡሌ መንገድ ተደረመሰ። መንገዱ ሲጠገን ቡናው እንደገና ቀላ። እኔ በተፈጥሮዬ ትዕግሥት የለኝም፤ ነጋዴ ነኝ፣ የዛሬን ለነገ አላሳድርም። ባለቤቴ ግን በእኛ ሁኔታ ይዝናና ነበር፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እናንተም አዲስ አበባ ትገባላችሁ» ይለኝ ነበር። የእድራችን ሴቶችም ነገሩን ሰምተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሐሳብ አዋጡ። አንዷ ሥዕል ፊት ይለቀሳል ወይስ አይለቀስም ብላ ጠየቀች። አንዷ ሙዚየም የመንግሥት ቤት ስለሆነ ያለ ቀበሌ መታወቂያ አያስገቡም አለች። ሌላዋ ጥቁር ነው የሚለበሰው አለች፤ የለም፣ ሞቷ ቆይቷል፣ ዘመድ ጥየቃ ስለሆነ አዲስ ነው የሚለበሰው ተባለ። በመጨረሻው ሐሳብ ተስማማንና ዳመነች ለሦስታችን ከአንድ ጥቅል ቀሚስ ሰፋች። ውኃ ሰማያዊ፣ ደቃቅ ነጭ አበባ ያለበት ፖሊስተር። ትከሻው ስፖንጅ ነበረው፣ እንደ ዘመኑ።

ያ ቀሚስ ሳይለበስ አረጀ። መጀመሪያ የስፖንጁ ፋሽን አለፈና ዳመነች አወጣችው። ከዚያ አጭር ነው ተባለና ከታች ጨመረችበት። ከዚያ እኔ ወፈርኩና ጎኑን ፈታችልኝ። ከሣጥን በወጣ ቁጥር የሙዚየሙ ቀሚስ እያልን እንስቃለን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ዳመነች አጥፋ ስትመልሰው ፊቷን ላለማየት ወደ ሱቁ እገባ ነበር። አንድ ቀን አላስቻለኝም። አክስትሽን ብትጠብቂ ሥዕሉም ይነሣል፣ አክስትሽም ዕድሜዋ እየገፋ ነው፣ ሳሏም በርትቷል፣ ለምን ራስሽ ሄደሽ አይተሽ አትመለሺም አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች። «ብቻዬን ብሄድ ማንን አይቼ እመለሳለሁ እትዬ? ይቺ እናትሽ ናት የሚለኝ ሰው ከሌለ፣ ያው የሰው ሥዕል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ብርቄን በዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ የቀረን ሰው እማማ በዳቱ ብቻ ነበረች። እሷ ከሞተች ያ ሥዕል የማንም አይሆንም። ያን ቀን ገባኝና ከዳመነች ይልቅ እኔ መፍራት ጀመርኩ።

ስለዚህ ቡሌ ወጥቼ እማማ በዳቱን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ቡናው ሰበብ ነው፣ መንገዱም ሰበብ ነው፣ እውነተኛው ምንድን ነው አልኳት። ሳትደብቅ ነገረችኝ። ብርቄ ስትሞት ልጄን አደራ ብላታለች። አሁን እሷ ፊት ሄዳ ስትቆም ብርቄ ዓይን ለዓይን ታያታለች። ልጄስ ብላ ብትጠይቅ ምን ልትላት ነው? ባል የላት፣ ቤት የላት፣ ልጅ የላት፣ በሰው በረንዳ ትሰፋለች ልትላት? «ባዶ እጅ አልሄድም» አለችኝ። «ልጁ ልጅ ይዞ ካልሄደ እህቴን በምን ፊት አየዋለሁ?» እኔ ሥዕል አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሰቀለው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን እሷ ከምሯ ነበር። ቅቤውንና ቆጮውን ለወጉ ነው ያለችው፤ እውነተኛው እጅ መንሻ የልጅ ልጅ ነበር። ስመለስ ለዳመነች አልደበቅኳትም። ሰማችኝና ክሯን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ስትታገል ቆየች፤ ክሩ እንቢ አላት።

ከዚያስ? ከዚያማ ዕድሜ ሥራውን ሠራ። ዳመነች ወናጎ ከተማ የሚያስተምር አንድ ጨዋ ልጅ አገባች፤ የሠርጓን ቀሚስ ራሷ ሰፍታ ለራሷ አስተካከለች። ልጅ ግን ቶሎ አልመጣም። ሰው መጀመሪያ በቀልድ ጠየቃት፤ ከዚያ በሹክሹክታ፤ ከዚያ መጠየቅ ተወ፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሌላዋ ሴት ልጅ ስታጣ ልጅ ብቻ ነው የምታጣው፤ ዳመነች ግን እናቷንም አብራ ማጣቷ ነበር። ካሴት ቤቱ ሲዲ መሸጥ ጀመረ። ሄኖክ ተመርቆ ሄደ። እማማ በዳቱም የገበያ ቀን መውረድ ተወች። ሙዚየሙን በስሙ መጥራት አቆምን።

ፌቨን የተወለደች ሰሞን እማማ በዳቱ ሳትጠራ ከቡሌ ወረደች። ጉልበቷ እንቢ እያላት፣ በሰው መኪና፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ማርና ቅቤ በቅል ይዛ። ሕፃኗን ተቀብላ ገልጣ አየቻት፣ ሸተተቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አሁን እንሄዳለን አለች። የሕፃኗ አንገት እስኪጠና ብቻ ጠበቅን። ወቅቱ ቡና ለቀማ ነበር፤ ዳገቱ ሁሉ ቀልቷል፣ ሰው የሚጠፋበት ጊዜ። እማማ በዳቱ ግን ዘንድሮ ቡናው ራሱ ይጠብቃል አለች። እንዲህ ያለ ነገር ከቡሌ ሰው አፍ ሲወጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ቲኬቱ ከሠላሳ ብር አይበልጥም ነበር፤ አሁን በዚያ ብር መናኸሪያ ውስጥ ውኃ ቢገኝ ነው። እማማ በዳቱ ከሐዋሳ በላይ ሄዳ አታውቅም። ከይርጋለም ጀምሮ አስመለሳት፤ ሎሚ እያሸተትኩላት፣ መስኮት እየከፈትኩላት፣ ለምን አመጣሁሽ ብዬ ራሴን እየረገምኩ ሻሸመኔ ደረስን። እሷ ግን በየመሃሉ የምትጠይቀው ስለ ራሷ አልነበረም፤ ቆጮው ተጨፍልቆ ይሆን ብላ ነበር። አዲስ አበባ ያደርነው የባለቤቴ እህት ቤት ነው። ጠዋት ሦስታችንም የሙዚየሙን ቀሚስ ለበስን። የዳመነች ደረቷ ላይ ጠበባትና የጎኑን ስፌት በጥርሷ በጠሰችው። እማማ በዳቱ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አዲስ ነጠላ ተከናንባ፣ ልክ እንደ ሙሽራ እናት ሆነች። ውኃ ሰማያዊ ለብሰን፣ ሕፃን አዝለን፣ የቆጮ ጥቅል ተሸክመን ስንሄድ ያየን ሁሉ ሠርጉ የት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኔ ኩራት ግን ወደር አልነበረውም።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን። ሸምገል ያለ፣ የደንብ ልብሱ የሰፋው ሰው ነበር። ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም አለ። እኔ በነጋዴ ምላሴ ልከራከር አፌን ስከፍት እማማ በዳቱ ቀደመችኝ። ይህን ቤት የምትጠብቀው አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ አለ። ስንት ዘመንህ ነው ብትለው፣ ጎልምሶ እዚሁ እንዳረጀ ነገራት። ጥቅሉን በሁለት እጇ አነሣችና ዘረጋችለት። «እንግዲያ እህቴን የጠበቅከው አንተ ነህ። ውሰድ፣ ያንተ ነው» አለችው። ሰውየው እኔን አየ፣ ዳመነችን አየ፣ የተዘለችውን ልጅ አየ። ምን እንደገባው አላውቅም። ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ወንበሩን ትቶም እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘን።

ሥዕሉ ሄኖክ እንዳለው ፎቅ ላይ ነበር፣ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ገና ከሩቁ የዲላን ገበያ አወቅኩት፤ ያን የኮባ አረንጓዴ፣ ያን ቀይ አፈር። መሃል ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆጮ እየቆረጠች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ፍንጭቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳመነች! አልኩ በሆዴ። ሄኖክን ስንቴ ውሸታም ብዬው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ዳመነች ግን ሥዕሉን አላየችም፤ የአክስቷን አፍ ነበር የምታየው። አዎ፣ እሷ ናት እስክትላት።

እማማ በዳቱ ቀረበች። ብዙ አየች። ከዚያ መዳፏን አንሥታ አፏን ሸፈነች፣ ያችን ስትስቅ የምትሸፍናትን ጥርስ የለሽ አፏን፤ ግን አልሳቀችም። «ይሄ እኔ ነኝ» አለች። መጀመሪያ አልገባንም። ቀስ ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ እንደ ተያዘ ሰው አንገቷን ደፍታ ነገረችን። ያ ቢላዋ የእሷ ነው። ፍንጭቱም የእሷ ነው፣ ጥርሶቿ ሳይረግፉ። ዳመነችም የወጣችው ወደ አክስቷ ኖሯል፤ የአክስቷ ጥርሶች የረገፉት ዳመነች ነፍስ ሳታውቅ ስለነበር ማናችንም አላወቅንም። ሰዓሊው ያን ቀን ሙሉ ሲያይ የዋለው እሷን ነበር። ከዚያ ጣቷን ወደ ሸራው ጥግ ዘረጋች፤ ከምትስቀው ሴት ኋላ ሌላ ሴት አለች፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ጎንበስ ብላ ጥቅል የምታነሣ። ፊቷ አይታይም። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች፤ የልጅቷ ራስ ከአንቀልባው ብቅ ብሎ በትልልቅ ዓይኖች ወደ እኛ ያያል። «ብርቄ ያ ነው። አንቀልባውን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ልጁ አንተ ነህ» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ፊቱን እኔ ወሰድኩብህ ዳመነች» አለች። «ያን ሁሉ ዘመን አስጠብቄ፣ ፊቱን እኔ ወሰድኩብህ።»

 ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ቀሚስ መፍታትና መስፋት፣ ለጀርባ! ሰዓሊውን ረገምኩት፤ አንድ እርምጃ ወዲያ ቢል፣ ትንሽ ቢጠብቅ፣ ብርቄ ጥቅሏን አንሥታ ትዞር አልነበር? ዳመነች ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ልይዝ ተጠጋሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ ከመሃሉ ወደ ጥጉ ሄደችና ሥዕሉ ፊት ቆመች። ብዙ ቆመች። ፌቨን ጀርባዋ ላይ ነቅታ፣ ራሷን ከአንቀልባው አውጥታ፣ በትልልቅ ዓይኖቿ እኔን ታየኝ ነበር። በስተኋላ ቆሜ ሁለቱን ጀርባ እኩል አየሁ። ዳመነች ስትዞር ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም።

«አታልቅሺ እማዬ» አለቻት አክስቷን። «እኔ እንደሆነ የማውቃት በዚህ፣ በታዘልኩበት በኩል ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ተመልሰን በአውቶቡሱ ስንመጣ እማማ በዳቱ አላስመለሳትም፤ መንገዱን ሙሉ እየቆየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። እንዲያ ነበርኩ? እያለች ትጠይቀኛለች። ነበርሽ እላታለሁ። ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ያን ሁሉ ዕድሜ ገበያው እህቷን ብቻ የሚያይ መስሏት ኖራ፣ በስተርጅና ራሷን አገኘች። ፌቨንን በልጅነቷ ያሳደገቻትም እሷው ናት ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ ክረምት ክረምት ቡሌ ነበር የምታሳልፈው፣ እንሰት መፋቅም እሷ ናት ያስተማረቻት። በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሣት ሲጀመር ልጆቹ ሁሉ ሊያነሷት ይለምኗት ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን አዙራ «ፎቶ አለኝ፣ አዲስ አበባ ተሰቅሏል» ትላቸዋለች። ማንም አሳምኗት አያውቅም። ስታርፍ ሬሳ ሣጥኗ ላይ የሚደረግ ፎቶ ጠፍቶ ሰው ሲራወጥ ዳመነችና እኔ ተያየን፤ ከልቅሷችን መሃል ሳቅ መጣብን።

ፌቨን ትናንት ልትሰናበተኝ መጣች። ከዚያ ሁሉ ቦታ ሙዚየም ምን አስመረጠሽ ስላት፣ ስልኳን እያየች፣ አያቴን ላያት ነው አለችኝ። ክረምቷን ሁሉ ቡሌ ያሳለፈች ልጅ በዳቱን አያቴ እንጂ ሌላ ብላ አታውቅም። ወዲያው ዳመነች ከአስፋልቱ ማዶ ከራሷ ስፌት ቤት ተሻግራ መጣች። እጇ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ነበር። ፌቨን ሳቀች፤ እናቴ፣ እዚያ ምግብ አያስገቡም፣ እዚሁ ላይ ተጽፏል ብላ ስልኩን አሳየቻት። እኔም በልቤ ልጅቷ ልክ ናት አልኩ። ያ ጥበቃ እኮ ያኔም ሽማግሌ ነበር፤ ዛሬ በሌላ ተተክቶ ይሆናል።

ዳመነች ስልኩን አላየችውም። «የምትሰጪው በሩ ላይ ላገኘሽው ጥበቃ ነው» አለቻት። «እናቴንም አያትሽንም የሚጠብቀው እሱ አይደል?»

ፌቨን ስልኳን ኪሷ ከተተችና ጥቅሉን ተቀብላ በጀርባዋ ቦርሳ ውስጥ፣ እንዳይጨፈለቅ ከላይ አደረገችው።